የውሃ ሽታ

ወይዘሮ ዙፓንቺች ደወሉ በማለዳ፦
«ውሃዬ ይሸታል።»
«ምን ምን ይላል?» አልኳቸው።
«የተዘጋ ቤት። የቆየ ጨርቅ። እንግዳ
ሳይተኛበት የከረመ አልጋ።»

ጻፍኩት። ቅጽ አለን፤ ቅጹ ግን «አልጋ» የሚል ሣጥን የለውም፤
«ሌላ» በሚለው ላይ አሰመርኩ።
ብልቃጤን ይዤ ወጣሁ። በሚኒሶታ ሰሜን ጥር ማለት
ትንፋሽ ጢም ላይ የሚታተምበት ወር ነው።
ከመስመሩ ጫፍ፣ ከወጥ ቤታቸው ቀድቼ
ዱቄቱን ነሰነስኩ፤ ክሎሪን ካለ ሮዝ ይሆናል።
ጠበቅሁ። ቆጠርኩ።
ውሃው እንደ ንጹሕ ሕሊና ጥርት ብሎ ቀረ።
መጥፎ ምልክት ነው ጥራት፣ በእኛ ሙያ።

ማኅደሩን ከምድር ቤት አወጣሁት፦
ቶይቮ ራንታላ፣ መሐንዲስ፣ 1957።
በእርሳስ ነው። ቁጥሮቹ በውሃ ልክ የቆሙ ይመስላሉ።
ያኔ የብረቱ ጉድጓድ ሌት ተቀን ያገሳል፣
ከተማዋ ስድስት ሺህ ነፍስ ናት፤ ራንታላ ያሰላል፦
በሠላሳ ዓመት አስራ ዘጠኝ ሺህ፤
ለአንድ ሰው በቀን አራት መቶ ሃምሳ ሊትር፤
ሐምሌ ላይ፣ ሁሉም ሣሩን ሲያጠጣ፣ የዚያ ሁለት ተኩል እጥፍ።
ከዚያ የቧንቧው ሻካራነት፣ የግፊቱ ብክነት፣
የኮረብታው ቁመት።
ውጤት፦ አስራ ስድስት ኢንች።
ሁለት ጊዜ አስምሮበታል።

ሂሳቡን ደገምኩት። ስህተት ፈለግኩ፤
እንደ ደመኛ ፈለግኩ። አንድም የለም።
የተሳሳተው ሰዉ ነው፤ አልመጣም።
ጉድጓዱ ተዘጋ፤ የነበሩትም የውሃ ሽታ ሆኑ።

ዛሬ ሦስት ሺህ መቶ ነን።
አንድ ሌሊት አድሮ ሊወጣ የታሰበ ውሃ
በዚያ ሰፊ ጨለማ ዘጠኝ ሌሊት ያድራል፤
ክሎሪኑ በየሰዓቱ ይሳሳል፣
ዝገቱ ይለምደዋል።
ወይዘሮ ዙፓንቺች በአፍንጫቸው ያገኟቸው
እነሱን ነው፦ ያልመጡትን፣ ወደ አስራ ስድስት ሺህ።

በኅዳጉ አንዲት መስመር አለች፦
«ለትምህርት ቤቱ፦ 800 ልጅ፣ 60 ሊትር።»
ትምህርት ቤቱ አልተሠራም። ቧንቧው ተቀብሯል።
ተከትዬው ሄድኩ። ከበርች ዛፎች መሃል
ቀይ የእሳት አደጋ ቧንቧ በረዶው እስከ አንገቱ ደርሶ ቆሟል፣
ደወል እንደሚጠብቅ የመጀመሪያ ቀን ተማሪ።
በሚያዝያ መጥቼ እከፍተዋለሁ፤
መጀመሪያ ሻይ ይመስላል፣ ከዚያ ይጠራል፣ ይጠራል፤
አርባ ስምንት ሺህ ሊትር፣ የልጆቹ የአንድ ቀን ድርሻ፣
ማንም ሳይጠጣው ቦይ ይወርዳል።

«አጥብበው» ይላል ምክር ቤቱ። «ትንሽ ከተማ፣ ትንሽ ቧንቧ።»
እሳት ግን የሕዝብ ቆጠራ አያነብም፤
አንድ ጣሪያ ሲይዝ በሰከንድ ስልሳ ሊትር ይላል፣
ለሁለት ሰዓት፣ ሦስት ሺህ ብንሆን ሦስት።
ጥማት ጠባቡን ይወዳል፣ እሳት ሰፊውን፤
እኔ በመሃል ስምንት ኢንች፣ አስር ኢንች እያልኩ አነጋለሁ።
ውሃ ቀጠነ የሚል ሰው ነው ይሉኛል።
በጥር ግን አይቀጥንም። ብርድ ሲገባው ይወፍራል፣
ደለሉ ለመዝቀጥ ይለግማል፣
ገንዳው ጊዜ ጨምርልኝ ይላል። እጨምርለታለሁ።

የቀረኝ አንድ ባዶ ቦታ ነው፦
የሕዝብ ብዛት፣ ከሠላሳ ዓመት በኋላ።
ወይዘሮ ዙፓንቺች ደግመው ደወሉ፤ ነገርኳቸው።
ሳቁ። ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው።
«እኔንስ ተወኝ፣ ቲማቲሞቼን ቁጠር።
ደግሞ ባዶው ቤት፣ ከእኔ በታች ያለው፣
ትናንት መብራት በራበት። መኪና መጥቶ ሶፋ አራገፈ።»
«ስንት ሰዎች ናቸው?»
ዝም አሉ። መጋረጃ ሲገለጥ ሰማሁ።
«አላየሁም» አሉ። «ሶፋው ግን ረጅም ነው።»

እርሳሴን ቀረጽኩ።