የሞላ ነገር

ኦፑዎ ከተማ፣ ከማደያው ጓሮ፣
ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፣ ግድግዳው ቆርቆሮ፤
መንገዱም ተጨማዶ መስሏል ቆርቆሮ።
እዚያ ነው ጋራዡ የሽማግሌው የካቬዜሪ፣
ለሰው ሰላም አይል፣ በፊት ሳይጨብጥ መሪ።

መኪናዬን አቆምኩ፣ አራት ኢንች ያሳደግኩት፣
ያምናውን ወይፈን ሽጬ ከፍ ያደረግኩት።
ከሩቅ እንዲያዩኝ ነው፣ ምን እደብቃለሁ?
በገበያ መሀል ሳልፍ እኮራለሁ፤
ሰው ሁሉ ቀና ሲል፣ እኔ ዝቅ ብዬ፣
በመስኮት ሰላም ስል፣ ሞላልኝ ኑሮዬ።

ፒስታው ላይ ስወጣ ግን ትዘልብኝ ጀመር፤
ጥርሴ ከጥርሴ ጋር፣ እንደ ተፈታ በር።
አሮጌው አሞርዛተር አጭር ነው ቁመቱ፣
ጎማው ሲንጠለጠል ይሳባል አንገቱ፤
ዘይቱን አልቅሶ ደርቋል ከነአንጀቱ።

"ቀዩን ስጠኝ" አልኩት፣ "ያ የሚያብለጨልጨው፣
ከጎኑ ትንሽ ጋን በቱቦ ያዘለው፣
የበረሃ ተሽቀዳዳሚ ሁሉ የሚመርጠው።"

ካቬዜሪ ዝም አለ። ሜትሩን አወጣ፤
በጀርባው ተንፏቆ ከስር ገባ፣ እግሩ ብቻ ወጣ።
"ምን ትጭናለህ?"
"ምንም።"
"ምንም?"
"ራሴን። አንዳንዴ ጓደኛ።"
ከስር ጸጥታ ሆነ። ቁልፍ ሲወድቅ ሰማሁ።
"ታዲያ ይሄ የግራ ሞላ፣ የኋላው፣ ለምን ተኛ?
ሰው ይዋሻል ልጄ፣ ሞላ ግን አይዋሽም፤
ሁለት መቶ ኪሎ ሳይጫነው አይተኛም።"

የውሃ በርሜል ነው፣ ክዳኑ የጠፋ፤
በየሐሙሱ ጠዋት፣ ፀሐይ ሳትከፋ፣
ከደረቀው ወንዝ ማዶ ለአክስቴ ለቺዌዛ፣
ለፍየሎቿ፣ ለእሷም። ስደርስ ሩቡ ፈስሶ፣ ወንበሬን አርሶ፣ በላስቲኩ ወዝቶ።
ለሰው አላወራሁም፤ "ውሃ አመላላሽ" መባል
ለመኪናው ቁመት አይመጥን ይመስላል።

ወጣ። እጁን ጠረገ፣ በጨርቅ ሳይሆን በሱሪው፤
ጠመኔ አነሳ፣ ወለሉ ነው ሰሌዳው።
"ሞላ መዝለል እንጂ ማረፍን አያውቅም፤
ያን ያስተምረዋል ይሄ፣ ሌላ ሥራ የለውም።
ድንጋጤውን ይውጣል፣ ውጦም ይሞቃል፤
ሙቀት ሲበዛበት ዘይቱ አረፋ ይሆናል፤
ያኔ የያዘህ ብረት ይመስልሃል እንጂ፣ አየር ላይ ቆመሃል።
ተዘርግቶ ስንት ነው? ተሰብስቦስ ስንት?
ከዋጋው በፊት ነው የሚጠየቅ ቁመት።
ሲዘረጋ ቢያጥር፣ ጎማህን ይሰቅላል፤
ሲሰበሰብ ቢረዝም፣ ራሱን ይሰብራል።
ቀዩ ለሯጭ ነው። ሯጭ ውሃ አይጭንም፤
ባዶውን ይበራል። አንተ ባዶ አይደለህም።"

ከጠረጴዛው ስር ግራጫውን ጎተተው፣
ወፍራም፣ አቧራ የለበሰ፣ ማንም ያልጠየቀው።
መልከ ጥፉን በስም ይደግፉ ይላሉ፤
የዚህ ግን ስሙም ተልጦ አልቋል ከነውሉ።
"ቀዩን ከፊት፣ ይሄን ከኋላ ብናደርገውስ?" አልኩት።
ሳቀ። በዓመቱ ይሆናል፣ ሲስቅ ያየሁት።

ሐሙስ። ሰባ ኪሎሜትር ቆርቆሮ ጎዳና።
ጎማው ይንቀጠቀጣል፣ አየዋለሁ በመስታወት፤
እኔ ጋ ግን አይመጣም። መሀል ላይ የሆነ ሰው ቁጭ ብሎ ይውጣል፣ ያለ አንዳች ጩኸት።
አንዲት ሰጎን ብቻ አየችኝ፣ ቁመቴን ለካችና
ዞር ብላ ሄደች፣ ከጀመረችው ጋ።

ቺዌዛ ብቅ አለች፣ ሁለት ጀሪካን ይዛ፣
ጎማዬን ሳታየው፣ ወደ በርሜሉ ተጉዛ፤
ላስቲኩን ፈታችው፣ እጇን ሰደደችው።
ሌላ ጊዜ ውሃውን እስከ ክርኗ ወርዳ ነው የምታገኘው፤
ዛሬ ገና ጣቷ ከጠርዙ ላይ ራሰ።
ቀና አለች፣ ፊቷ ላይ ሳቅ ቢጤ ደረሰ።

"ሞላ!" አለች።

"የለም፣ ሞላው የድሮው ነው፣ የቀየርኩት ሌላ"
ልል አፌን ከፈትኩት፤
ዋጥኩት።