ኮፈኑ እስኪዘጋ

ከቱሉ ዲምቱ ወዲያ፣ አስፋልቱ ሲያበቃ፣
ከብሎኬት ማምረቻው አቧራ ሲነቃ፣
ከቆርቆሮ አጥር ጀርባ አንዲት መኪና አለች፣
አራት ዓመት ሙሉ ሞተር ያልቀመሰች።

እኔ ባቲላሜራ ነኝ፤ መዶሻዬ ያውቃል፣
ያኮረፈ ላሜራ በስንት ምት ይታረቃል።
በሯ ከአይሱዙ ጎን፣ ጭራዋ ከበርሜል ነው፤
ሻንሲና ሊብሬዋ፣ ነክሶ ከቀረ ሚሌቼንቶ የወረስነው።
ኮፈኗን ዝቅ አደረግሁት፣ ቀጥቅጬ፣ ፈትቼ፣
ሌሊት በፓውዛ ብርሃን ጥላዋን አይቼ።

አሁን ሰው ሁሉ መካሪ ነው፦
ጎሚስታው፣ ብሎኬት መቺው፣ የማታ ዘበኛው፣
መኪና ኖሮት የማያውቅ የሞተር ዳኛ ነው።

ቶለሳ ሞተሪስቱ፣ እጁን በቤንዚን ታጥቦ፣
«የዲኤክስ ነው» ይላል፣ ግንባሩን ሰብስቦ።
«እሱ አይከዳም፤ ዘይት ብትነፍገው ያጉረመርማል እንጅ፤
መለዋወጫው እንደ ሽንኩርት፣ በየሱቁ ደጅ።»

ኑረዲን ደላላው ከሶማሌ ተራ ደወለ፦
«ቪትዝ አለኝ፣ ጡት ያልጣለ፣ ከነኮምፒዩተሩ» አለ።
ቶለሳ ስልኬን ነጥቆ፦ «ያ ከፊት ይጎትታል፣ ይቺ ከኋላ ትገፋለች፤
ፍየልና በሬ ተጠምደው የትኛዋ መሬት ታረሰች?»

ላዳም ታሰበ።
ጨዋ ነው ላዳ። ግን ሰማያዊና ነጭ ለብሶ፣
ዕድሜውን ሙሉ የሰው ጉዳይ አድርሶ፣ መልሶ፣
ጡረታ የወጣን ሽማግሌ «ተነሥ፣ ሩጥ» ማለት
ነውር መስሎኝ ተውኩት።

ኤልዳና ኤሌክትሪሺያኗ፣ ቴስተሯን ጸጉሯ ውስጥ ሰክታ፣
«ባትሪ ጫንባት» አለች፣ በጣም ተረጋግታ።
«የቤንዚን ሰልፍ የለ፣ ዘይት የለ፣ ድምፅ የለ።»
ድምፅ የለ ስትል አንድ ነገር ከሆዴ ዱብ አለ።
ባትሪው ሦስት መቶ ኪሎ፤ እሷ ራሷ አራት መቶ አትሞላ።
ልጅቷ ልክ ናት፣ አውቃለሁ። ምናልባት ሌላ ጊዜ፣ በሌላ።

ከዚያ ካርቶን ሰበሰብኩ፤ የቴሌቪዥን፣ የሳሙና፣
ሜትር ዘርግቼ እየቆረጥኩ፣ ልክ በልክ አደረግሁና፣
የወረቀት ሞተሮች ሠራሁ።
አንዱ በገባ ቁጥር ሮባ፣ ተለማማጄ፣
መሪዋን ይዞ በአፉ ያስነሳታል፤ ካምቢዮ ይቀይራል፤ ዳገት ያወጣታል።
ዲኤክሱ ገባ።
ኮፈኑ አራት ጣት ከፍ ብሎ ቀረ።
«ጉብታ ሥራለት» አለ ቶለሳ፤ «ላሜራ አይደል እንዴ?»
ላሜራ አይደል!
ሦስት ክረምት ያለሰለስኩት ግንባር ላይ
በገዛ እጄ እጢ ላብቅልባት?

ብርነሽ፣ ባለቤቴ፣ ካርቶኖቹን አየች፦
«ልጆች ሦስት፣ ወንበር ሁለት። ጣራ የለ፣ ሐምሌ ግን አለ» አለች።
«አንተ ሞተር ምረጥ፤ እኔ ጃንጥላ እመርጣለሁ።»

ማክሰኞ የዳቦ ቤት ዳማስ ገላን መታጠፊያ ላይ ተገለበጠ።
ሹፌሩ አቧራውን አራግፎ ተነሣ፤ ዳቦው ግን አስፋልት ለበሰ።
ሞተሩ በኪሎ ሲሸጥ ደረስኩ፣ ቆራሌው ሚዛን ላይ፦
ሰባ ሁለት። ሦስት ፒስቶን። ጎኑን ጋደም ብሎ የሚሠራ፣
ከወንበር ሥር መደበቅ የለመደ፣ ስሙ የማይጠራ።
ሰፈሩ ሳቀ። ቶለሳማ ተቀምጦ ሳቀ፦
«በአንበሳ ቆዳ ውስጥ ድመት!»
እኔ ሜትሬን አወጣሁ።

በሰንሰለት አንጠልጥለን፣ ቀስ፣ ቀስ፣ አወረድነው።
ኮፈኑን ለቀቅሁት።
«ጥቅ» አለ።
ማንም አልተናገረም። ቶለሳ ጎንበስ ብሎ
ክፍተቱን በጣቱ ፈለገው፤ አጣው።

ደግሞ ዘንጉ አጠረ፤ ከካምቢዮው እስከ ዲፍሬንሻሉ
አንድ ስንዝር። ነገ ቶርኖ ቤት ነው፣ ለዚያውም ብረት ከተገኘ።
ፊልትሮውን ስከፍት የዳቦ ፍርፋሪ እግሬ ላይ ፈሰሰ፤
ሮባ መሪዋን ይዞ ተቀመጠ፣
አፉን ከፈተና፣
ሞተሩን አየት አድርጎ፣
መልሶ ዘጋው።