የማክሰኞው ጉንፋን

ዛሬም ሆስፒታሉ፣ አሳንሰር ውስጥ ቆሜ፣
ሦስተኛ ፎቅ ወጥቶ ሊታጠብ ነው ደሜ፣
ከጣሪያው ቀዳዳ ቨርና ትዘፍናለች፤
«ተመለስ» ስትል፣ እዚያችው ቦታ ላይ፣ ድምጿን ትሰብራለች።
አልጋ የምትገፋ አንዲት ልጅ፣ ዓይኗን ከድና፣
«እዚህ ጋ ናት» አለች፣ «እዚህ ጋ ናት ቨርና።»

ዝም አልኩ። ምን ብዬ እነግራታለሁ?
ያ ስንጥቅ ሲወለድ እኔ አዋልጃለሁ።

ሜዲሲን ሃት ይሏታል፣ የመድኃኒት ባርኔጣ፤
ባርኔጣስ ሞልቶናል፣ መድኃኒት ከየት ይምጣ?
አባቷ ጡብ ተኳሽ፣ እናቷ አንሶላ አጣቢ፣
እሷ የባቡር ፉጨት በጆሮዋ ሰብሳቢ።
ሆሉብ ማለት ርግብ ነው፣ ባያቷ ቋንቋ፤
በአውቶቡስ በረረች፣ አሥራ አንድ ዶላሯን ካልሲዋ ውስጥ ደብቃ።

የካቲት። ማክሰኞ። ካልጋሪ፣ ከልብስ አጣቢው ሱቅ በላይ ጠባብ ክፍል፤
ማሞቂያው ተበላሽቶ፣ በጭኔ ያጋደምኩት የብረት ጊታር ጣት የሚያቃጥል።
እሷ አፍንጫዋ ቀልቷል። ጉንፋን ነው። ሌላ ምንም።
ፍቅረኛ አልከዳትም፣ ቤቷ አልተቃጠለም፣ ያኔ ሰው አልሞተባትም።
ነጭ ሽንኩርት በማር ታኝካለች በየመሐሉ፤
«ጨው የጫነ ባቡር» ነው ዘፈኑ፣ «ተመለስ» የምትለው ቃሉ
ላይ ስትደርስ፣ ጉሮሮዋ ታነቀ፤
ቴፑ ይዞራል፣ ቃሉ ለሁለት ተሰነጠቀ።
«ልድገመው» አለች። ሰባት ዶላር ነበር የክፍሉ ሰዓት፤
«ይበቃል» አለ ሰውየው፤ መብራቱን አጠፋባት።

ከዚያማ! ከሃሊፋክስ እስከ ቫንኮቨር፣
በየነዳጅ ማደያው፣ በየመጠጥ ቤቱ ዳር፣
ሰው አለቀሰባት። ጋዜጣው «ይህች ሴት የቀበረችው ሰው አለ» አለ፤
አንዱ ባል ሰጣት፣ አንዱ ልጅ ገደለባት፣ አንዱ «ውሽማዋ» ብሎ የእኔን ፎቶ ሰቀለ።
ፀጉሯ ከፍ አለ፣ ከፍ አለ፣ እንደ ስንዴ ጎተራ፤
ባርኔጣዋ ከላይ፣ እንዳረፈች ቁራ።
ፊቷ በስኒ ላይ፣ በካናቴራ ላይ፣ በቁማር ማሽን ላይ፤
ድምጿ በሳል ሽሮፕ ማስታወቂያ ላይ (ይኼን ጉድ እይ!)፤
እሷ ብቻ ሳቀች፣ ቼኩን ስትፈርም፤
«ኤይናር፣ እውነቱን የደረሰበት ይህ ሽሮፕ ብቻ ነው» ስትለኝ ማንም አልሰማም።

ጉንፋን ግን ይድናል።
ሕዝብ ከፍሎ ገብቷል፣ ያንን ቀን ይሻል።
ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ፣ ከመጋረጃው ኋላ፣ በረዶ ውኃ ጠጥታ፣
የራሷን እንቅፋት ታጠና ነበር ማታ ማታ።
አሁን የዘፈን አስተማሪው ኖታው ላይ በቀይ ያከብበዋል፤
«የሆሉብ ስብራት» ብሎ ስም አውጥቶ፣ ፈተና ላይ ይጠይቀዋል።
አሥራ ስድስት ያልሞላው ጤነኛ ጉሮሮ
ያቺ ቃል ላይ ሲደርስ ይታነቃል አምሮ።

አንድ ነገር ልጨምር። እናቷን የቀበርን ዕለት፣
መቃብሩ ዳር፣ ያለ ጊታር፣ ያለ ማይክ፣ ነፋሱ ባርኔጣዋን ነጥቋት፣
ዘፈነች። ያንኑ ዘፈን። «ተመለስ» የሚለው «ተመለሽ» ሆኖ።
ድምጿ ንክች አላለም። ጠራ፣ እንደ ወንዝ በውርጭ ታጥኖ።
ጎረቤት አንሾካሾከ፦ «አቤት ልብ! ድንጋይ ነው፤
በገንዘብ ታለቅሳለች፣ ለእናቷ ጊዜ ደረቀ ዓይነ ውኃው።»
ሰምታለች። እኔም ሰምቻለሁ።
ክንዴን ይዛ ነበር። የጥፍሯ ምልክት... ዛሬም አሳያለሁ።

አሳንሰሩ ቆመ። በሩ ተከፈተ።
ልጅቷ ዓይኗን ጠረገች፤ የእኔም ጉሮሮ ሳል አመጣ፣ ሳተ።
«ጉንፋን ነው?» አለችኝ፣ አልጋውን ስትገፋ።
«አዎ» አልኳት፣ «የቆየ ነው፤ ባለቤቱ ድናው ሄዳ፣ እኛ ጋ የተስፋፋ።»