ገዢ

ቤርሳቤህ፣ ሌሊት፣ አምስተኛው ፎቅ ላይ፣
አንድ ሰው አነባለሁ፣ በአካል ሳላይ።
ሦስት ዓመት ሙሉ ንግግሩን ለቅሜ፣
ሳሉን ሳይቀር ቆጥሬ፣ ዝምታውን ተርጉሜ፣
አውቃለሁ (ሚስቱም ይህን አታውቅ ይሆናል)
ሊዋሽ ሲል መነጽሩን እንደሚወለውል፣
ሊያፈርሰው ሲነሣ እንደሚያሳምር ውል።

አምና ስለ ወሽመጡ አርባ አንዴ ፎከረ፣
ዘንድሮ ምላሱ ስሙን አልደፈረ።
ይልቅስ ምን ሠራ?
ከሰሜን ጠላቱ በአንድ እራት ታረቀ፣
የሠላሳ ዓመት ደም በብርጭቆ ደረቀ።
ታንኮቹን ከድንበር በካሜራ ፊት መለሰ፣
ለእኛ ሟች ሚኒስትር እንባ አፈሰሰ።
ጎተራውን በባዕድ ስንዴ እስካፍንጫው ሞላ፣
ስለ ዓሣ ማስገር ውል ላከ ልዑክ ሌላ።

«አረጀ» አለ ጊልዓድ፣ አለቃዬ፣ «ኪሱም ሳሳ፤
ለዝቧል ብለሽ ጻፊ፤ ጦሩን ረሳ።»

ከፈረቃ ስወጣ ለአባቴ ነገርኩት፣
ስም ሳልጠራ፣ የሰፈር ሰው አስመስዬ።
አባቴ ዋጋው፣ አምቦበር ገበያ
ሃያ በጋ በሬ ሲያሻሽጥ የኖረ፣
ዛሬ ባቡር ጣቢያው ፊት አግዳሚ ላይ የሚውል።
«ልጄ፣ በሬ የፈለገ ሰው በሬውን አያይም።
አህያዋን ያመሰግናል፣
የልጆችሽን ጤና ይጠይቃል፣
ስለ ዝናብ ያወራል።
ዓይኑን ተይው። ጋቢው ሥር እይ፣
ገመድ ይዞ መጥቷል ወይ?»

ገመድ።
ተመልሼ ገባሁ። ንግግሩን ተውኩት።
ጨረታ አየሁ፣ ደረሰኝ፣ የጭነት ወረቀት፦
ማቀዝቀዣ መኪና፣ ስልሳ፤
የደም ከረጢት፣ መቶ ሺህ፤
መድረሻው የወሽመጡ ዳር።
ዓሣ ለማስገር ይህን ያህል ደም?

በዕብራይስጥ ጻፍኩ፤ አንድ ቃል ግን አነሰኝ።
በአማርኛ ሸማቹም ገዢ፣ ንጉሡም ገዢ ነው፤
እዚህ ሁለት ቃል ናቸው፣ አይተዋወቁም።
ጊልዓድ አነበበና «ገመድ?» ብሎ ሳቀ፣
ዳሩ ላይ በቀይ «ይቆይ» አለ፤ መሳቢያው ተጠረቀ።

አብርሃም በዚችው ከተማ፣ ለአንዲት ጉድጓድ እንኳ፣
መሐላው አልበቃው ብሎ
ሰባት ቄብ በግ ለይቶ አቆመ፣ ምስክር እንዲሆነው።
እኛ በዓሣ ውል ተኛን።

ሐሙስ ንጋት ላይ ሳይረኑ ጮኸ።
መጠለያው ውስጥ፣ የአንድ እግሩ ነጠላ ጫማ ደረጃ ላይ ቀርቶ፣
አባቴ ግድግዳውን ተደግፎ
አምፖሉ ሲርገበገብ አየ። እኔንም አየ።
«ለመሆኑ» አለኝ ቀስ ብሎ፣
«በስንት ሸጣችሁለት?»