ስልሳ አራት ለአምስት

ሙዘይን ነው ያመጣው፣ የወንጂ ታክሲ ረዳት፣
በፌስታል ጠቅልሎ፣ በብብቱ ሸጉጦት፣
እንደ ተሰረቀ ዶሮ።
«ጋሽ ዋሪዮ፣ ስፌቱ ለቋል፤ ልምምድ አለን አሥር ሰዓት።»

ፈታሁት፤ ሞላላ።
ሠላሳ ዓመት ስሰፋ በመናኸሪያው አጥር ጥላ
የጫማ አፍ፣ የሻንጣ ዚፕ፣ የክብ ኳስ ገላ፣
እንዲህ ያለ አላየሁም፤ ዱባ እንዳልለው ሹል፣ እንቁላል እንዳልለው ቆዳ፣
መሬት ቢያኖሩት መድረሻውን የማያውቅ፣ ያበደ እንግዳ።
«ማን ተቀመጠበት?» ብለው፣ ሳቀ።

«ራግቢ ነው ጋሼ። አቅፎ መሮጥ ይቻላል፤
ወደ ፊት ከወረወርክ ግን ፊሽካ ይነፋብሃል።
ለወንድምህ ወደ ኋላ ታቀብላለህ፣ እሱም ለኋለኛው፤
እንዲህ ነው ነገሩ ወደ ፊት የሚገፋው።»

ልስቅበት አልኩና ወስፌዬን አየሁ፤
እኔስ ስንት ዘመን ምን ሳደርግ ቆየሁ?
አንዴ ወደ ኋላ ተወግቶ ካልተመለሰ ክሩ፣
ወደ ፊት ብቻ የሮጠ ስፌት፣ ቀን አይፈጅም መተርተሩ።
ሰፍቼ ሰጠሁት። ሠላሳ ብሬንም ተቀበልኩ።

አንድ ቅዳሜ ሄድኩ፣ ከእህል መጋዘኑ ጀርባ፤
የአዳማ ነፋስ እንደ ልማዱ አቧራ ይዞ ሲገባ፣
በጥርስ ሥር፣ በዓይን ሥር።
ከኮረብታው ራስ ነጫጮቹ የነፋስ ማማዎች ሲዞሩ፣
ከታች ስምንቱ ስምንቱን፣ አንገት ላንገት ተቆላልፈው ሲገፉ፣ ሲያጓሩ፣
ጭቃ የዋጠውን አይሱዙ የሚያወጡ መስለውኝ
ተነስቼ ላግዝ ነበር፤ ጉልበቴ ነው የያዘኝ።
ከፊት ቦንሳ፣ ቀን ቀን የኩንታል ስኳር ተሸካሚው፣
ከጎኑ ታረቀኝ፣ የቄሱ ልጅ፣ በጾም አፉ የሚታገለው።

ከዚያ ሦስቱ ተመርጠው፣ ላገር ማሊያ ሲታጩ፣
ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በታች፣ ካምፓላ ድረስ ሊጋጩ፣
ሙዘይን የተውሶ ታኬታ ይዞ መጣ፣ ሁለት ቁጥር የሚሰፋው፤
አፍንጫው ላይ ጨርቅ ጠቀጠቅሁ። «ይወልቃል?» አለኝ።
«ሩጥና ይከተልህ» አልኩት፣ ምን ብዬ ላጽናናው።

እሑድ ከሰዓት፣ በአንድ ስልክ ላይ ሃያ አናት፤
ሊስትሮው፣ ተራ አስከባሪው፣ ሎተሪ አዟሪዋ እናት።
ኔትወርኩ ሲቆም ተጫዋቹ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል፤
ሲመለስ ሰባት ነጥብ ተቆጥሮብን ይጠብቀናል።
ባለሜዳዎቹ ፈጣን፣ ደረታቸው የበር መዝጊያ፤
የእኛዎቹ ይወድቃሉ። ይነሳሉ። ይወድቃሉ።
ሠላሳ አንድ። አርባ ሦስት።
ስልሳ አራት ለባዶ ሲሞላ፣ ሎተሪ አዟሪዋ «ኧረ ይብቃቸው!» አለች፣
ነጠላዋን አራግፋ ወደ አውቶቡሶቹ ሄደች።

የቀረው ሁለት ደቂቃ።
ቦንሳ ኳሱን ይዞ ገባ፣ ሦስት ሰው አንገቱ ላይ ተንጠልጥሎ፤
ሲወድቅ ወደ ኋላ አቀበለ። ታረቀኝ ቀለበው ተንበርክኮ፤
እሱም ወደ ኋላ። እዚያ ጥግ፣ ከመስመሩ አጠገብ፣ ሙዘይን አለ እኮ!
ታክሲው ተነስቶ፣ በሩ ክፍት ሆኖ፣ «ወንጂ! ወንጂ!» እያለ
እንዴት እንደሚሮጥ አውቃለሁ፤ ቀኝ እጁ ብረቱን ሊይዝ እንደተንጠለጠለ።
እንደዚያው ሮጠ።
ስልኩም ቆመ።

አንድ እግሩ አየር ላይ ነው። ታኬታው አልወለቀም።
ሃያ ሰው አልተነፈሰም። መናኸሪያው እንኳ ጡሩምባ አልነፋም።
ሲመለስ፣ ሙዘይን ከመስመሩ ማዶ ኳሱ ላይ ተኝቷል፣
በላዩ ማሊያ ለባሽ ሁሉ ተከምሯል።
አምስት።

ዛሬም «ወንጂ! ወንጂ!» ይላል። ተሳፋሪ «ስንት ለስንት?» ሲለው
«አምስት አገባን» ነው መልሱ፤ ሌላውን ካልጠየቁት አይቆጥረው።

ትናንት ያው ፌስታል መጣ። «ጋሼ፣ ስፌቱ ለቀቀ።»
አገላበጥኩት። የኔ ስፌት አይደለም፤ በወዲያኛው ጎን ነው የተላቀቀ።
«ሠላሳ ብር?» አለኝ።
«አርባ» አልኩት፣ «ክር ተወዷል።»
ወስፌዬን አነሳሁ፤
አንድ ወደ ኋላ።