ሰባት ፍሬ

እብሬ ጎረቤቴ፣ ስልቻውን ይዞ፣
ቁና ዘር ለመነኝ፣ በግንቦት፣ ተክዞ።
«የለኝም» አልኩታ፣ ጎታ ተደግፌ፣
ነሐሴ ላይ፣ ባቲ፣ ልሸጠው አትርፌ።

ያን ሌሊት ሰማሁት፤ ክርት... ክርት... ክርት፣
ከትራሴ ማዶ፣ ከተኛበት ምርት።
«አይጥ ይሆናል» አለች፣ መዲና ከእንቅልፏ፣
ድመቷን አስገብታ ተኛች በእቅፏ።

ነቀዟ አይጥ አይደለች፤ ሰሊጥ ታህላለች፣
አፍንጫዋ ወስፌ፣ ፍሬ ትበሳለች፣
እንቁላል ከትታ መልሳ ትደፍናለች።
እኔ ሞልቶኝ ሳለ «የለኝም» አልኩና፣
ማሽላው ባዶ ሆኖ «አለሁ» ይላል ደህና።

ሐምሌ ላይ ከፈትኩት፤ እንደ ንዳድ ያተኩሳል፣
ማንም ያልፈጨው ዱቄት በጣቴ መሃል ይፈሳል።
እፍኝ ዘግኜ ጣሳ ውሃ ውስጥ ጣልኩ፤
ተንሳፈፈ።
የሰመጠውን ቆጠርኩ፦
ሰባት።
መዲና እጇን ከትታ፣ አንድ በአንድ፣ እንደገና ቆጠረች።
ሰባት።

እብሬ ከሐርቡ አማቱ ዘር ተበድሮ ዘርቷል፤
ማሳው ከቤቴ በላይ ነው፣ ረዝሞ ጉልበት ነክቷል።
ማታ ማታ ነፋስ ሲገባበት
ቅጠሉ ይንሿሿል፤ መዲና «ስማው፣ ሲያምር» ትላለች።
እሰማለሁ።
እኔ ጆሮ ሲደርስ ግን
ክርት።