የቁልፍ መዝገብ

ካርታው ላይ ደሴ ሜዳ ናት፤ ወረቀት ዳገት አያውቅም፣
ጣቴ ጦሳን ሲወጣው ቆሞ ትንፋሽ አይሰበስብም።
ስድስት ነጥብ አለኝ በቀይ፣ ለስድስት መኪና ማደሪያ፣
የጋራ ናቸው፣ በሰዓት የሚነዱ፣ ያለ ቤንዚን ማደያ።

ፒያሳ ያሉትን ቆጠርኩ፤ ከጠዋት እስከ ማታ፣ ከአርባ
ሠላሳ ሦስቱ እንደቆሙ ዋሉ፤ ጥላቸው ብቻ ዞሮ ገባ።

አንዱን ፒያሳ ተከልኩ፣ አንዱን ከሆስፒታሉ በር፣
አንዱን ሰኞ ገበያ፣ አንዱን ሆጤ ከሜዳው ሥር፣
አምስተኛው ጢጣ ወረደ፤ ስድስተኛው በእጄ ቀረ፣
እርሳሱ የት ልረፍ ብሎ ሌሊቱን ሙሉ ዞረ።

ከአዲስ አበባ የመጣው ባለሙያ፣ አቶ ምንተስኖት፣
"ከፋይ ካለበት ትከይው" አለኝ፤ "ድሃ አይነዳም፣ ይህ ነው እውነት።
ስንት ጉዞ ነው በሳምንት? ስንት ብር ያስገባል በቀን?
መብራት ሲጠፋስ?" ብሎ ሳቀ፤ ሳቁ ሳያልቅ ጨለመብን።

በጨለማው ውስጥ ያሰብኩት የሐረጎን ጥምዝ ነበር፦
ያ መኪና ቁልቁል ሲወርድ፣ ፍሬን ይዞ በዝግታ፣
ከገዛ ክብደቱ ይለቅማል ለባትሪው የመብራት ጠብታ።
ሽቅብ ያበደርነውን ጉልበት ቁልቁለቱ ይመልሳል፣
ሁሉን አይደለም፣ እውነት ነው፤ ዳገትም ድርሻውን ይቆርሳል።

ቅዳሜ ወደ ቅሬያችን ሄድኩ፣ ዕቅዴን በብብቴ ይዤ፣
ከጸሐፊዋ ከእትዬ ጦይባ ፊት ተቀመጥኩ ተክዤ።
"ስድስት መኪና ለሺህ ሰው፤ ማን አምኖ ይሰጣል ቁልፍ?"
ሣጥኑን ከፍታ ጎተተች መዝገብ፣ ጠርዙ እጥፍጥፍ።

አራጋው፦ ትልቁ ድስት። መለሰ። ቂጡ ግን አሯል።
ዙበይዳ፦ ድንኳን ከነካስማው። አንድ ገመድ ጎድሏል።
ቀሲስ መላኩ፦ አርባ ብርጭቆ፣ ለሠርግ። የገባ፣ ሠላሳ ዘጠኝ።
"አንዷን" አለች፣ "እስካሁን አልረሳም፤ እሷ ናት እንቅልፍ የነሳችኝ።

ድስት ሲዋዋስ የኖረ ሰፈር መኪና መዋዋስ አያቅተውም፤
ግን ስሚ ልጄ፣ ድስታችን ፒያሳ አይቀመጥም።
ጦሳ ግርጌ ነው፣ እላይ፣ መሸከም ከሚከብድበት፤
አምና ሙሄን በቃሬዛ ስናወርድ ስምንት ትከሻ አለቀበት፤
የታችኛውማ ምን ጭንቅ አለው? ጋሪም ባጃጅም አለለት።"

ስድስተኛው ነጥብ ያን ዕለት እርሳሴን ይዞት ወጣ፣
ከአቶ ምንተስኖት ደብዳቤ፣ "አዋጭ አይደለም" የሚል መጣ።

መኪናው እስካሁን የለም። ጉምሩክ ይላሉ፣ በጀት ይላሉ።
ነጩ ቀለም ግን ደርቋል፤ ስድስት ሣጥኖች መሬት ላይ አሉ።
እትዬ ጦይባ ከመዝገቡ አንድ ንጹህ ገጽ ለይታ፣
"ቁልፍ" ብላ ጽፋለች ከላይ፤ ከሥሩ ስም አልባ መስመር፣ በተርታ።

ጦሳ ግርጌ ያለው ላይ ልጆች መስመር ጨምረውበት፣
በአንድ እግር፣ ጠጠር እየገፉ፣ ሰኞ ማክሰኞ ይዘሉበታል።
ትናንት አንዷን "መኪና ሊቆምበት ነው" ብላት ቀና አለች፣
"ታዲያ ተራ ይያዛ!" ብላ
ጠጠሯን ወረወረች።